በእግሩ የመጣ ይግባ

ሳትታመሙ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሄጄ አውቃለሁ። ታሞ መሄድማ ምን ችግር አለው? ያመመህን ቦታ በእጅህ ትይዛለህ፣ ታቃስታለህ፣ ያየህ ሁሉ መንገድ ይለቅልሃል። ሳይታመም የሚሄድ ሰው ግን ምን ብሎ ይገባል? «ደህና ነኝ፣ እዩኝ» ይበል?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። መንደራችን ከሞጆ ወደ ቆቃ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጤፍና ሽምብራ እናርሳለን። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ወባም አናጣም። በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር የሚነገረን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነበር። ኮታው በስብሰባ፣ ማዳበሪያው በስብሰባ፣ የዘመቻው ወሬ በስብሰባ። እኛም ከብዛቱ የተነሣ ዓይናችንን ገልጠን መተኛት ለምደን ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት መጣ። ቀጭን ልጅ ነው፣ ካኪ ለብሷል። ሊቀ መንበሩ «ጓድ ጤና ረዳት አጭር ትምህርት ይሰጣሉ» ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ተነሣና ሰው ጤና ጣቢያ መምጣት ያለበት ሳይታመም ነው አለን። በሽታ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ እሱ ሳይነሣ እኛ እናገኘዋለን አለ። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ምንም ባያማትም በየጊዜው ትምጣ፣ የደሟን ግፊት እንለካለን፣ ሽንቷን እናያለን አለ።

የተኙት ሁሉ ነቁ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ያላመመኝን ምን ብዬ ልንገርህ ልጄ?»

«ምንም አይንገሩኝ አባባ። ዝም ብለው ይምጡ።»

«ዝም ብዬ ስመጣ በሽታ ብታገኝብኝስ?»

«እነግርዎታለሁዋ።»

«እንግዲያው አልመጣም» አሉና ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

እኔ አልሳቅኩም። የልጁ ነገር ገብቶኛል። ብዙ አልተማርኩም፣ ግን ገበሬ ነኝ። ተምች ጤፉን ከበላው በኋላ ማሳ ዙሪያ የሚሮጥ ገበሬ አይቼ አውቃለሁ። ተምቹ ሳይመጣ ቅጠል እየገለበጠ የሚያይም አውቃለሁ። እኔ ቅጠል ከሚገለብጡት ነኝ። በሬዬ ሳያነክስ ሰኮናውን አነሣለሁ። ታዲያ ለበሬ ያደረግኩትን ለልጄ አላደርግም?

ልጄ አስካለ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያዋን አርግዛ እኛ ቤት መጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ባሏን ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ነበር። ስለዚህ እሷም በሆዷ ያለውም የእኔ ኃላፊነት ናቸው። ባለቤቴ ወርቄ ገንፎዋን ታስባለች፣ ቅቤዋን ታስባለች። እኔ ስብሰባ ላይ የሰማሁትን አሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት «ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት።

«ምን ሆኜ አባዬ?»

«ምንም አልሆንሽም። ለዚያ ነው የምንሄደው።»

አስካለ ተጫዋች ናት። በእኔ አልወጣችም። መንገዱን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ባሻ ሞላ የሚባል ዘበኛ ነበር። ድሮ ወታደር ነበር፣ ካፖርቱን በቆቃ ሙቀት እንኳ አያወልቅም። ባሻን ክፉ ሰው እንዳታደርጉብኝ። ውስጥ ያለው አንድ ጤና ረዳት ነው፣ እሱም ግማሹን ጊዜ ለስብሰባ ወረዳ ይሄዳል። ውጭ ያለው ሰው ግን የትየለሌ ነው። ማን እንደሚገባ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። እናም ወሳኙ ባሻ ነው። ሕጉም አጭር ነው። በቃሬዛ የመጣ ይቀድማል። ተደግፎ የመጣ ይከተላል። በራሱ እግር የመጣ ይጠብቃል።

«ምኗን አሟት ነው አያ ተሰማ?» አለኝ።

«ምኗንም።»

«ምኗንም ካላመማት ምን አመጣት?»

«ጤና ረዳቱ ሳትታመሙ ኑ ብሎናል።»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«በስብሰባ ነው የተናገረው።»

«እኔ በር ጥዬ ስብሰባ አልሄድም» አለና በሩ አጠገብ ካለው ግራር ጥላ ሥር እንድንቀመጥ አሳየን።

ተቀመጥን። ከሐይቁ ዳር አንድ ዓሣ አስጋሪ ወባ እያንቀጠቀጠው በቃሬዛ መጣ፣ ገባ። አንዲት ሴትዮ ተደግፋ መጣች፣ ገባች። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ጤና ረዳቱ ለስብሰባ ተጠራና ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። ባሻ መጥቶ «አሁን ቢያማት ኖሮ ትገባ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

አስካለ ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ጤንነት ጠንቶብኝ ተመለስኩ» አለችኝ። ለእናቷም ለጎረቤቱም እንደዚያው አወራችው። ደጋግመን ሄድን። ደጋግመን ግራሩ ሥር ተቀመጥን።

በመካከሉ እግሯ እያበጠ መጣ። ሴቶቹ ደስ አላቸው። የእናት ቤት ተስማማት፣ ወፈረች አሉ። ወንድ ነው የያዝሽው ያሏትም አሉ። እኔ የሴት ነገር አላውቅም። የማውቀው ኮንጎ ጫማዋ አልገባ ማለቱን ነው። በባዶ እግሯ ስትሄድ አየኋት። ለወርቄ «እግሯን አይተሻል?» አልኳት። «ልጅ ስትይዝ የማን እግር አላበጠም?» አለችኝ። እሷ ብዙ ወልዳለች። እኔ አንድም አልወለድኩም። 

አሁን ጎረቤቴን ገመቹን ላስተዋውቃችሁ። ገመቹ እኔ በዓመት የማወራውን በአንድ ጠዋት ያወራል። «አካም ቡልተን» ብሎ ከጀመረ ፀሐይ ይወጣል፣ ላም ይታለባል፣ እሱ ገና ሰላምታው ላይ ነው። እናቱ አዴ ጫልቱ ዓይናቸው ደከመ። ጤና ረዳቱ ስብሰባው ላይ ዓይንም እናያለን ብሎ ነበርና አሮጊቷ ካልወሰድከኝ አሉት። ወሰዳቸው። ባሻ ግራሩ ሥር አስቀመጣቸው። አዴ ጫልቱ እንደ አስካለ ታጋሽ አይደሉም። ባሻን ከነካፖርቱ ሰድበው ተመለሱ።

ገመቹ እዚህ ላይ አሰበ። ብዙ የሚያወራ ሰው አንዳንዴ ያስባል። የመንደሩን ቃሬዛ ከቃሬዛ ማኅበሩ ተቀበለ፣ ተሸካሚ ጠራ፣ እናቱን አስተኝቶ በጋቢ ሸፈናቸው።

በእኛ ዘንድ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ገበያ ቢሄድም፣ ቀጠሮ ቢኖረውም፣ ዕቃውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይከተላሉ። ስለዚህ ከቤት በጥቂት ሰው የወጣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የገበያ ቀን ይመስላል። የአዴ ጫልቱም ጉዞ እንደዚያ ሆነ። የሽንኩርት መኪና ሹፌር ሳይቀር ወርዶ ተሸከማቸው። አንዲት ዘመዳቸው ከሩቅ አይታ እያለቀሰች መጣች። ያኔ አሮጊቷ ከጋቢው ሥር «ምን ያስለቅስሻል? ዓይኔን ላሳይ ነው» አሏት።

«ኧረ ዝም በይ እናቴ» አለ ገመቹ። «ባሻ ይሰማናል።»

«ይስማ። ለእሱ ብዬ ነው ቃሬዛ ላይ የወጣሁት።»

ገቡ። ዓይናቸው ታየ፣ ቅባት ተሰጣቸው። ሲመለሱ አዴ ጫልቱ ከፊት በእግራቸው እየሄዱ፣ ወጣቶቹ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ከኋላ እየተከተሉ ነበር። ጠዋት ያለቀሰችው ዘመዳቸው መንገድ ላይ አግኝታቸው ለረጅም ጊዜ አኮረፈቻቸው። የሰው ዕንባ መጫወቻ አይደለም አለች።

ከዚያ በኋላማ መንደሩ ሁሉ ቃሬዛ ላይ ወጣ። ጥርሱን የሚያሳየውም፣ ሆዱን የሚነፋውም፣ ምንም የሌለበትም። ቃሬዛው በተራ ሆነ። ተሸካሚ ጠፋ፤ የአረም ጊዜ ነውና። የተሸከመው ነገ ይተኛል፣ የተኛው ነገ ይሸከማል። ሊቀ መንበሩ ምርት ሊቀንስ ነው ብሎ ስብሰባ ጠራ፤ ስብሰባውን ጨርሶ ወገቡን ለማሳየት እሱም ተራ ያዘ።

ወርቄ እኛም አስካለን በቃሬዛ እናውጣት አለች። አልወደድኩም። ባለ ጤና ሰው ቃሬዛ ላይ መተኛቱ ደስ አይለኝም። ግን እግሯን አየሁ። ፊቷም ማበጥ ጀምሯል። ተራ ያዝኩላት።

ተራችን ሳይደርስ ነገሩ ተበላሸ። የዚያን ሰሞን አንድ የላይኛው መንደር ሰው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሊሞት የደረሰ ይመስላል፣ ተሸካሚዎቹም አዝነዋል። ባሻ በሩን ሊከፍት ሲል ዝናብ ወረደ። በሽተኛው ጋቢውን ወርውሮ ተነሣና ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ቀድሞ በረንዳው ሥር ገባ። ባሻ ቆሞ አየው። በካፖርቱ ላይ ዝናቡ እየወረደ ቆሞ አየው ይላሉ። ከዚያ ቃሬዛውን አየ። ከዚያ ግራሩ ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁትን ምስኪኖች አየ።

በማግስቱ አዲስ ሕግ ወጣ። በቃሬዛ የመጣ ጤነኛ ነው፣ ይመለስ። በእግሩ የመጣ ይግባ።

እኛ ይህን አልሰማንም። ተራችን በደረሰ ቀን አስካለ ከእንቅልፏ ስትነቃ ራሴን አለች። ወርቄ በሻሽ አሰረችላት። ትንሽ ቆይታ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ አለች። «አባዬ፣ በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ?» አለችኝ። በሩ ላይ የቆመች ጥጃ ነበረች። ሳቀች መስሎኝ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ቃሬዛው ግቢ ውስጥ ነበር። ለማስመሰል ያመጣነው ቃሬዛ ለእውነት ሆነ።

ተሸክመን ወጣን። ገመቹ ከፊት ነው። ያን ቀን ምንም አላወራም። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ትከሻውን አልሰጠንም። ምን ያድርግ? ስንቱን ጤነኛ ተሸክሟል። አንዱ እንዲያውም «ዛሬ ደግሞ የማናችሁ ጥርስ ነው?» ብሎ አለፈን። ወርቄ ከኋላ እያለቀሰች ነበር። ለቅሶም አልታመነላትም።

ጤና ጣቢያው ሳይደረስ መንገዱ የሚጠመዘዝበት ቦታ አለ። እዚያ ባዶ ቃሬዛ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች አገኘን። «አትድከሙ፣ ባሻ ቃሬዛ አያስገባም። በእግሩ የመጣ ብቻ» አሉን።

ቆምን። ሁሉም እኔን አየ። ምን እንደምል የሚጠብቁ ናቸው። እኔ ባሻን አውቀዋለሁ። ለምኜው፣ አስረድቼው፣ ምሎልኝ፣ ምዬለት ስንት ሰዓት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ልጄ ደግሞ ሰዓት እንደሌላት ፊቷ ይናገራል። «አውርዷት» አልኩ።

ከቃሬዛው አወረዷት። ቃሬዛውን ከቁጥቋጦ ኋላ አስቀመጡት። ክንዷን ያዝኩ።

«አስካለ።»

«እ።»

«ተራመጂ።»

«አላይም አባዬ።»

«እኔ አይልሻለሁ። ቀና ብለሽ ተራመጂ። ደህና ምሰይ።»

ተራመደች። በዚያ ያበጠ እግር፣ በባዶው፣ በትኩሱ አፈር ላይ ቀና ብላ ተራመደች። እናቷ ከኋላ አፏን በነጠላዋ ይዛ መጣች። ባሻ አየን። እግሯን አየ። «ጎበዝ፣ እንደዚህ በእግራችሁ ስትመጡ ሥራም ይቀላል» ብሎ በሩን ከፈተ።

ጤና ረዳቱ ከስብሰባ ቀርቶ ነበር። አስተኛት። የደም ግፊት የሚለካበትን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠምጥሞ ነፋ። አየ። እንደገና ነፋ። ሌላኛውን ክንዷን ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ማን ነው ያራመዳት?»

ወርቄ እኔን አየችኝ።

«ይቺ ሴት አንድ እርምጃ መራመድ አልነበረባትም» አለ። «አሁኑኑ ናዝሬት። ተሸክማችሁ ውሰዷት።»

ተሸክመን አወጣናት። ባሻ በሩ ላይ ገርሞት ቆመ። በእግሯ የገባች በቃሬዛ ስትወጣ አይቶ አያውቅም። ዋናው መንገድ ላይ ቲማቲም የጫነ መኪና አስቁመን ጋቢናው ውስጥ አስገባናት። ናዝሬት ሳንደርስ ሰውነቷ ይገታተር ጀመር። ሹፌሩ ጥሩምባውን አላቋረጠም። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር።

ናዝሬት ሆስፒታል በሩን የሚዘጋብን አልነበረም፣ እሱን ልናገር። ተቀበሏት። ሮጡ። ብዙ ሰው ሮጠላት። ወርቄ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ቀረች። ከሰዓት በኋላ አንድ ዶክተር ወጣ፣ የጋውኑ እጅጌ ደም ነክቶታል። ወጣት ነው። ደክሞታል። ሁለቱንም ማትረፍ አልቻልንም አለኝ። ሁለቱንም ሲል ከሁለቱ አንዱ ያለ መስሎኝ የትኛው ተረፈ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን «አባባ፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት?» አለኝ። «ገና ሳያማት፣ ጤነኛ ሳለች ብታመጧት ኖሮ እኮ ይሄ የሚታወቅ ነገር ነበር። እናንተ የምትመጡት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።»

«እሺ» አልኩት።

ሌላ ምን ልበለው? ስለ ግራሩ ልንገረው? ስለ ባሻ ካፖርት? ዶክተሩን ከኋላው ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው ነው።

አስካለን ቀበርናት። ባሏ ያለበት ስለማይታወቅ ልንነግረው አልቻልንም። ወርቄ የገንፎውንም የቅቤውንም ዕቃ አጥባ ደፋችው፤ እንደተደፋ ቀረ። እኔ አረሜን ጨረስኩ። አረም ሰው ሞቷል ብሎ አይጠብቅም። ማታ ማታ ወርቄ ታወራኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ፣ እሷም እኔን ትጠብቃለች፣ እንደዚያው እንተኛለን።

አርባዋ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ገመቹ መጣ። ሰላምታውን እንኳ አሳጠረው። የልጁ ሚስት አርግዛለች፣ እግሯ ማበጥ ጀምሯል አለኝ። «ምን ላድርግ ተሰማ? በቃሬዛ ላውጣት ወይስ በእግሯ ላስኪዳት? እኔ ባሻ ፊት መቆም አልችልም። አንተ ታውቃለህ።»

እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ልጅቷ ግቢው ውስጥ በባዶ እግሯ ስትሄድ አየኋት። «ሄጄ እጠይቅልሃለሁ» አልኩት።

ሄድኩ። ባሻ ከሩቅ ሲያየኝ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሣ።

«ባሻ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። በዚህ ሳምንት በሽተኛ የሚባለው የትኛው ነው? የተኛው ነው ወይስ የቆመው?»

 ባሻ ፊቴን አየ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀና ክንዱ ላይ አደረገው።

«ግባ አያ ተሰማ» አለኝ። «አንተ ታመሃል።»

«አላመመኝም። ስለ ገመቹ ልጅ ሚስት ነው የመጣሁት።»

«ትምጣ። እንደፈለገች ትምጣ። እኔ አስገባታለሁ። አንተ ግን አሁን ግባ» ብሎ ክንዴን ይዞ፣ ግራሩ ሥር የተቀመጠውን ሁሉ አሳልፎ ራሱ አስገባኝ።

ያ ጤና ረዳት ተዛውሯል። በቦታው አንዲት ልጅ መጥታለች፣ ከትምህርት ቤት የወጣችው በቅርቡ ነው፣ ስለ እኔም ስለ አስካለም የሰማችው የለም። ምንዎን ነው የሚያምዎት አለችኝ። ምኔንም አልኳት። ፊቷ በራ። አስቀመጠችኝ። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠምጥማ ነፋች። ምላሴን አየች። ዓይኔን ገልብጣ አየች። ደረቴን አዳመጠች፤ ልቤን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ምንም የለብዎትም አባባ» አለችኝ። «ሙሉ ጤነኛ ነዎት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሳይታመም የመጣ ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። እባክዎ ለሌሎቹም ይንገሩልኝ።»

ይኸው ነገርኳችሁ።